«በእኔ ይሁንብሽ»

ዛሬ ጠዋት ከሥራ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ገባሁና ኤሲውን ከፈትኩት። ቀዝቃዛ አየር ፊቴን መታኝ። እዚያው ፓርኪንግ ውስጥ ዓይኔን ጨፍኜ አምስት ደቂቃ ያህል ተቀመጥኩ። ይህን አየር ለማግኘት ሦስት ወር ተኩል ፈጅቶብኛል። ሳይረሳኝ ልጻፈው።

የምኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። የአረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ በሌሊት ፈረቃ እሠራለሁ። ያለ መኪና የሌሊት ሥራ እንዴት እንደሆነ የሠራበት ያውቀዋል። ሁለት አውቶቡስ ቀይሬ ቤት ስደርስ ልጄ ቦርሳውን አንግቶ በር ላይ ይጠብቀኝ ነበር። ሜይ ላይ ዕቁብ ሲደርሰኝ ብሩን ለሌላ ነገር ሳልነካው 4 ሺህ ዶላር ቅድሚያ ከፈልኩ። የቀረውን በብድር አድርጌ በጁን መጀመሪያ ላይ የ2014 ቶዮታ ካምሪ ገዛሁ። 118 ሺህ ማይል የሄደች፣ ብርማ ቀለም ያላት።

ሻጩ የአገር ልጅ ነው። ገና ከበሩ ስገባ «ሀበሻ ነሽ አይደል?» አለኝ። ልቤ ዕርፍ አለ። በእንግሊዝኛ መግባባቱን እችላለሁ፤ ስለ መኪና መከራከር ግን ይከብደኛል። መኪናዋን ስንሞክራት ሁለት ነገር አስተዋልኩ። 40 ማይል ላይ ስትደርስ ከፊት በቀኝ ጎማ በኩል እንደ ወፍጮ የሚያጉረመርም ድምፅ አለ። ፍጥነት ስጨምር ድምፁም ይጨምራል። ኤሲው ደግሞ ለብ ያለ አየር ነው የሚነፋው።

ነገርኩት። «ድምፁ የኩሽኔታ ነው፣ ቀላል ነው። ኤሲውንም ሠርተን ነው የምንሰጥሽ። ሁለተኛ ቁልፍም አስቀርጽልሻለሁ» አለኝ።

«ታዲያ ወረቀቱ ላይ አይጻፍም?» አልኩት። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው ያልኩት፤ አላመነችኝም ብሎ እንዳይቀየም ፈርቼ።

እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «እህቴ፣ በእኔ ይሁንብሽ። እኔና አንቺ ምን ወረቀት ያስፈልገናል?»

ፈረምኩ።

ያደግኩት ቃል ትልቅ ነገር በሆነበት ቤት ነው። አባቴ ደሴ ላይ እህል ነጋዴ ነበር። «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ሲል እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ለዚህ ይሆናል አንድ ሰው ደረቱን ነክቶ ቃል ሲገባልኝ መልሼ መጠየቅ የማልችለው። ግን አባቴ ደብተርም ነበረው። ይህን ያስታወስኩት በጣም ዘግይቼ ነው። ሰማያዊ ሽፋን ያለው፣ ጠርዙ በእጅ ወዝ የጠቆረ ደብተር። ማን ስንት ኩንታል በዱቤ እንደወሰደ ከነቀኑ ይጽፍና ሰውየውን ያስፈርመዋል። ፊደል ያልቆጠረው በአውራ ጣቱ ያትማል። አበ ልጁንም፣ ጎረቤቱንም እንዲሁ ነበር የሚያስፈርመው። በዚህ የተቀየመው ሰው ትዝ አይለኝም።

ሻጩ መጀመሪያ «ሐሙስ አምጫት» አለኝ። ሐሙስ ስሄድ መካኒኩ የለም። ቀጥሎ ዕቃው ታዟል ተባለ። ከዚያ የጁላይ 4 በዓል መጣ። ከዚያ ስልክ አይነሳም። የጁላይን ሙቀት በዚያች መኪና አሳለፍኩት። ልጄ ከኋላ ወንበር ሆኖ «እማ፣ መስኮቱን ክፈችው» ሲለኝ፣ ስከፍተው ደግሞ የኩሽኔታው ጩኸት እየገባ እርስ በርስ አንሰማማም ነበር። ሀይዌይ ላይ ጎማው ይወልቅ ይሆን እያልኩ መሪውን ጨብጬ ነበር የምነዳው። የጁላይ የመጨረሻው ሳምንት ላይ በአካል ሄድኩ። ሻጩ ልጅ ሥራ ለቋል።

የመኪና መሸጫው ባለቤት ፈረንጅ ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ አልጮኸብኝም። ፋይሌን አወጣና አንዲት ወረቀት ላይ ጣቱን አስቀመጠ። «አዝ ኢዝ» የሚለው ሳጥን ላይ የኤክስ ምልክት አለ። መኪናዋን ባለችበት ሁኔታ ገዝተሻል፣ ከሸጥን በኋላ ለሚመጣ ጥገና ኃላፊነት የለብንም ማለት ነው። «ስለ ኤሲ የተጻፈ ነገር የለም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ የለም።

ቤት ገብቼ ያቺን ወረቀት መጀመሪያ ስፈርም ማንበብ በነበረብኝ ዓይን አነበብኳት። ባየርስ ጋይድ ትባላለች፣ የገዢ መመሪያ እንደማለት። ከ1985 ጀምሮ በአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ደንብ መሠረት ያገለገለ መኪና የሚሸጥ ነጋዴ መኪናው ላይ እንዲለጥፋት ግዴታ አለበት። የውሉ አካል ናት። ከውሉ ጋር ብትጋጭ እንኳ የምትጸናው እሷ ናት። እዚያው ላይ በቃል የተሰጠ ተስፋን ማስፈጸም ከባድ ስለሆነ የተባለሽን ሁሉ በጽሑፍ አስደርጊ ይላል። መኪናውን የራስሽ መካኒክ እንዲያየው ጠይቂም ይላል። ሽያጩ በስፓኒሽ ከተካሄደ ወረቀቷም በስፓኒሽ መሰጠት አለባት። የእኔ ሽያጭ በአማርኛ ነበር የተካሄደው። ለእኛ እንዲህ ያለ ነገር የለም። ያን ሌሊት አልቅሻለሁ። ከብሩ ይልቅ ያስለቀሰኝ፣ በራሴ ቋንቋ ስለተነገረኝ ብቻ ተዘናግቼ ማለፌ ነው።

ምክር አልጠፋም። የሥራ ባልደረባዬ «የብድሩን ክፍያ አቁሚ፣ ያኔ ይመጣሉ» አለችኝ። ይህን አላደረግኩም። ክፍያ ባቆም ከነጋዴው በፊት የምጎዳው እኔ ነኝ፤ ክሬዲቴ፣ ማለትም የብድር ታሪኬ ይበላሻል፣ መኪናዋንም ከደጄ ጎትተው ሊወስዷት ይችላሉ። ሌላው ደግሞ «ተይው ለእግዜር ስጪው» አለኝ። እሱንም እንቢ አልኩ።

መንገድ ያሳዩኝ ቤተ ክርስቲያን የማውቃቸው አንድ ጋሼ ናቸው። ለረጅም ዓመት ጋራዥ ሠርተዋል። መኪናዋን ክሪክ ላይ አንስተው የፊት ቀኙን ጎማ በሁለት እጃቸው ከላይና ከታች ይዘው ወዘወዙት። ቀጥ ብሎ መቆም ያለበት ጎማ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ ተጫወተ። «ስሚው» አሉኝ። እኔም ይዤ ወዘወዝኩት። ሁለት ወር ሙሉ ልጄን ጭኜ የነዳሁት በዚህ ላይ ነው። የኤሲው ችግር የጋዝ ብቻ አልነበረም፤ ጋዙን የሚገፋው ኮምፕሬሰር ራሱ ሞቷል። ዋጋውን በወረቀት ጽፈው ፈረሙልኝ፤ ኩሽኔታ 340፣ ኮምፕሬሰር 1,180 ዶላር። «አሁን ስልክሽን አምጪው» አሉኝ። «ልጁ የጻፈልሽ ነገር የለም?»

አለ እንጂ! ቴክስት ነበረኝ። በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ። «እሺ እህቴ፣ ኮምፕሬሰሩ ታዟል፣ ኩሽኔታውንም አብረን እንቀይረዋለን» የሚል፣ ቀንና ሰዓት ያለበት። ቃል ብቻ ነው ያለኝ ብዬ ተስፋ ስቆርጥ ጽሑፉ ኪሴ ውስጥ ነበር።

ኮሌጅ የምትማረው የአክስቴ ልጅ እያንዳንዱን መልእክት ወደ እንግሊዝኛ መለሰችልኝ። አብረን አንድ ገጽ ደብዳቤ ጻፍን። ስድብ የለበትም። ምን ቀን ገዛሁ፣ ምን ተባልኩ፣ ስንት ጊዜ ተመላለስኩ፣ ምን እፈልጋለሁ። በ10 ቀን ውስጥ ካልተሠራልኝ ሪችመንድ ላለው የቨርጂኒያ የመኪና ነጋዴዎች ቦርድ አመለክታለሁ የሚል ጨመርንበት። ለነጋዴውም ለሻጩም ፈቃድ የሚሰጠው ይህ ቦርድ ነው። ከዚያም አነስተኛ የገንዘብ ክርክር በሚታይበት ስሞል ክሌይምስ ፍርድ ቤት እከሳለሁ አልን። እዚያ እስከ 5 ሺህ ዶላር ድረስ መጠየቅ ይቻላል፤ ጠበቃ ይዞ መቆምም አይፈቀድም፣ ለእነሱም ጭምር። ይህን ሳነብ ድፍረት አገኘሁ። የቴክስቱንና የዋጋ ግምቱን ቅጂ አያይዘን፣ ተቀባዩ ፈርሞ በሚወስደው ሰርቲፋይድ ሜይል ላክነው። ዋናዎቹ እኔው ጋ ቀሩ።

በስድስተኛው ቀን ተደወለልኝ።

ስሄድ ጋሼም አብረውኝ መጡ። ዝም ብለው ጎኔ ተቀመጡ፤ ያ ብቻ በቂዬ ነበር። ባለቤቱ መጀመሪያ ኩሽኔታውን ብቻ በነፃ እሠራለሁ አለ። ቴክስቱን አሳየሁት። ቀጥሎ ያገለገለ ኮምፕሬሰር ልግጠምልሽ አለ። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አዲስ» አልኩ። ብዙ ከተነጋገርን በኋላ ሁለቱንም ሊሠራ፣ ኮምፕሬሰሩም አዲስ ሊሆን፣ ከኤሲው የእጅ ዋጋ ላይ እኔ 200 ዶላር ልከፍል ተስማማን።

አንዳንድ ጓደኞቼ 200ውን ለምን ከፈልሽ ብለውኛል። ፍርድ ቤት ብሄድ ኖሮ ሙሉውን አገኝ ይሆናል። ግን ስንት ቀን ከሥራ እቀራለሁ? ያንን ጎማስ እስከ መቼ እየነዳሁ እጠብቃለሁ? ለእኔ በጣም የሚያስፈራው እሱ ነበር። ተስማማሁ፣ አይቆጨኝም።

«ይጻፍልኝ» አልኩ፤ አሁን ድምፄን ዝቅ ሳላደርግ። ባለቤቱ የጠረጴዛውን መሳቢያ ሳበና ነጭ፣ ቢጫና ሮዝ ወረቀት የተደራረበበት ጥራዝ አወጣ። «ዊ ኦው» ይሉታል፣ ያለብን ዕዳ እንደማለት። ነጋዴው ለገዢው ሊሠራ ቃል የገባውን የሚመዘግብበት ቅጽ ነው። ያ ጠረጴዛ ጁን ላይ ተቀምጬ የፈረምኩበት ጠረጴዛ ነው። ቅጹ ያኔም መሳቢያው ውስጥ ነበር፤ ከጉልበቴ አንድ ስንዝር እንኳ አይርቅም። ኩሽኔታ፣ አዲስ ኮምፕሬሰር፣ ሁለተኛ ቁልፍ ብሎ ጻፈ። ቀን አስቀመጠ። ፈረመ። ቢጫውን ቀድዶ ሰጠኝ።

የተሠራችው ከእንቁጣጣሽ በኋላ ባለው ሳምንት ነው። ጋሼ ጎማውን ድጋሚ ይዘው ወዘወዙት። ንቅንቅ አላለም።

ባለፈው እሑድ ያ ሻጭ ልጅ ደወለልኝ። ቁጥሬን አልጣለውም ነበር። ኃላፊው ይሠራል ብሎት እንደነበር፣ እሱም የኮሚሽን ገንዘቡ ሳይከፈለው እንደወጣ ነገረኝ። «እህቴ፣ አፍሬ ነው ስልክ ያላነሳሁት» አለ። አመንኩት። ቢያነሳው ኖሮ ግን የጁላይን ወር ሁለታችንም በተሻለ እናሳልፈው ነበር፤ ይህንኑ ነገርኩት። ዝም አለ። አሁን የት እንደሚሠራ ጠየቅኩት፣ ሌላ መኪና ቤት ነው። ስለ ቅጹ ነገርኩት። ለሚቀጥለው ሀበሻ ደንበኛህ ሳትጠየቅ አውጥተህ ሙላለት አልኩት። እሺ አለኝ።

ሁለተኛው ቁልፍ ገና አልተሰጠኝም። ቢጫው ወረቀት እስከ ኦክቶበር 15 ይላል። ፍሪጁ ላይ ለጥፌዋለሁ።