በማርቲ ሮቢንስ ዘፈን መሃል የተበላሸው ትራንስፎርመር

አሜሪካዊው የካንትሪ ዘፋኝ ማርቲ ሮቢንስ «ዶንት ዎሪ» የተባለውን ዘፈኑን የቀዳው በቴነሲዋ ናሽቪል ከተማ፣ በብራድሌይ ወንድማማቾች ስቱዲዮ ነው። ስቱዲዮው ከጦር ሠራዊት የተረፈ፣ ጣሪያው ግማሽ በርሜል የመሰለ የቆርቆሮ አዳራሽ ነበር። በዚያ ዘመን አንድ የቀረጻ ክፍለ ጊዜ 3 ሰዓት ነው፤ በዚህ ውስጥ አራት ዘፈን ይጠናቀቃል ተብሎ ይጠበቃል። ዘፋኙም ተጫዋቾቹም አንድ ክፍል ውስጥ ሆነው በአንድ ላይ ስለሚጫወቱ አንድ ሰው ቢሳሳት ሁሉም ከመጀመሪያው ይደግማል። በመሃል ማሽን ቢበላሽ ፈቶ ለመጠገን ጊዜ የለም። በዚህ ዘፈን ቀረጻ መሃል የደረሰውን ብልሽት ክብደት የሚያሳየው ይህ የሰዓት ጉዳይ ነው።

ጊታሪስቱ ግሬዲ ማርቲን የያዘው ባለ ስድስት ክር ቤዝ ነው። ይህ መሣሪያ እንደ ተራ ጊታር ይቃኛል፣ ግን ድምፁ አንድ ኦክታቭ (ስምንት የድምፅ ደረጃ) ይወርዳል። ናሽቪል ውስጥ ዋና ሥራው በመዳፍ እየታፈነ ከትልቁ የእንጨት ቤዝ ጋር እኩል መምታት ነበር፤ የእንጨቱ ቤዝ ክብደቱን ሲሰጥ እሱ የአመታቱን ጫፍ ያጠራለታል። በዚህ ዘፈን ግን ብቻውን እንዲጫወት ቦታ ተሰጠው። ለስላሳ ፒያኖና የተረጋጋ ድምፅ ሲሰማ ቆይቶ፣ መሃል ላይ ቤዙ እንደ መጋዝ እየተንጫረረ ወጣ።

ብልሽቱ ከመሣሪያው አልነበረም። የቤዙ ሲግናል ያለፈበት የሚክሰሩ (ድምፆቹን የሚያደባልቀው ማሽን) መስመር ውስጥ ያለ ትራንስፎርመር፣ ማለትም ቮልቴጅ የሚቀይር ክፍል፣ ተቃጥሎ ነው። ትራንስፎርመር ሲበላሽ ድምፁ ሁልጊዜ ጨርሶ አይጠፋም። ከእሱ ጋር የተያያዘው ቫልቭ (ሲግናል የሚያጎላ የመስታወት ቱቦ) በሚገባው ቮልቴጅ መሥራቱን ያቆምና ክብ የነበረው የድምፁ ማዕበል ጫፍ ጫፉ እየተቆረጠ ያልፋል። የቤዙ ዝቅተኛ ክር 41 ኸርዝ አካባቢ (በሴኮንድ 41 ጊዜ ገደማ) ይርገበገባል። ማዕበሉ ሲቆረጥ 82፣ 123፣ 164 እያሉ የሚወጡት አጃቢ ድምፆች ይጎላሉ፤ ሻካራነቱ የሚመጣው ከእነሱ ነው። በትንሽ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ 41 ኸርዝ ከነጭራሹ ላይሰማ ይችላል፤ እነዚህ አጃቢዎች ግን ጥርት ብለው ይሰማሉ። ስለዚህ ብልሽቱ የቤዙን ድምፅ አበላሸው ብቻ ማለት ልክ አይደለም፤ በተራ ሬዲዮ እንዲሰማም አድርጎታል።

ሮቢንስ መጀመሪያ ላይ ድምፁን አልወደደውም። የኮሎምቢያ ሙዚቃ ኩባንያ ፕሮዲዩሰር የነበረው ዶን ሎው ባለበት ክርክር ከተደረገ በኋላ ቀረጻው እንዳለ እንዲወጣ ተወሰነ። እ.ኤ.አ. በ1961 ዘፈኑ በቢልቦርድ መጽሔት የካንትሪ ሰንጠረዥ 10 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ፤ በፖፑም 3ኛ ደረሰ። በእኛ እምነት ትልቁ ሙያዊ ውሳኔ እዚህ ጋ ነው፤ የማሽኑን ጤና ትተው ዘፈኑን አዳመጡ።

የድምፅ ባለሙያው ግሌን ስኖዲ ግን እዚያ ላይ አላቆመም፤ ምክንያቱን ፈልጎ አገኘ። ያንኑ ድምፅ የሚጠይቁ ዘፋኞች መምጣት ሲጀምሩ የተበላሸው የሚክሰሩ መስመር ጭራሹን ዝም አለ። ብልሽት ባለበት አይቆምም፤ ዛሬ የሚንጫረር ክፍል በሚቀጥለው ሳምንት ሊሞት ይችላል። በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ፣ ከአንድ መስመር ያልተለመደ ድምፅ ከወጣ መጀመሪያ ቅዱት። ከዚያ መሣሪያውን ሳትነኩ ገመዱን ብቻ ወደ ሌላ መስመር አዛውሩ፤ ድምፁ ከጠራ ችግሩ የመስመሩ ነው፣ ካልጠራ ከገመዱ ወይም ከመሣሪያው ነው። የእያንዳንዱን ቁልፍ አቀማመጥ ጻፉ፤ ክፍሉን ስታወጡት ምልክት አድርጋችሁ አስቀምጡት እንጂ አትጣሉት። ኃይል ሳታቋርጡና ካፓሲተሮቹ (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ክፍሎች) ባዶ መሆናቸውን በሜትር ሳታረጋግጡ ደግሞ የቫልቭ ማሽን ውስጥ እጃችሁን አታስገቡ፤ ማሽኑ ከጠፋ በኋላም ገዳይ ቮልቴጅ ይይዛል።

ስኖዲ ከባልደረባው ከሬቪስ ሆብስ ጋር ሆኖ ያንን ድምፅ ቫልቭን በሚተካው ትንሽ ክፍል፣ በትራንዚስተር፣ ሠራው። የጊታር አምራቹ ጊብሰን ሐሳቡን ተቀብሎ በ1962 ማየስትሮ ፉዝ-ቶን የተባለ ድምፅ ማሻከሪያ ዕቃ አድርጎ ለገበያ አቀረበው። ጀርማኒየም ከተባለው ንጥረ ነገር የተሠሩ ሦስት ትራንዚስተሮች፣ ባለ 1.5 ቮልት ሁለት ባትሪዎች፣ ድምፁን የሚያሻክርና መጠኑን የሚቆጣጠር ሁለት ቁልፍ፣ በእግር የሚረገጥ ማብሪያ፤ ይኸው ነው። ኖታው እየደከመ ሲሄድ ድምፁ በዝግታ አይጠፋም፤ ተንተባትቦ ድንገት ይቆረጣል። ጀርማኒየም ሙቀት ስለማይወድ በሞቃት መድረክ ላይ ባሕርይው ይቀየራል፤ ይህን የማያውቅ ተጫዋች ጥፋቱን በባትሪው ያላክካል።

ኩባንያው ዕቃውን ጊታርን እንደ ቱባና ትሮምቦን፣ እንደ ሳክስፎንና ቼሎ የሚያስመስል ብሎ ነበር ያስተዋወቀው። ገዢው ግን ጊታሩን ሌላ መሣሪያ ለማስመሰል አልተቻኮለም፤ ሽያጩም ደካማ ሆኖ ቆየ። በ1965 የሮሊንግ ስቶንስ ጊታሪስት ኪት ሪቻርድስ በ«ሳቲስፋክሽን» ሲጠቀምበት ግን ሱቅ ውስጥ የተቀመጠው ሁሉ አለቀ። ዘፈኑ በሐምሌ ወር የአሜሪካን ሰንጠረዥ አናት ያዘ፤ በስኖዲና በሆብስ ስም በ1962 የቀረበው የፈጠራ መብት ማመልከቻ የጸደቀው ከሦስት ወር በኋላ፣ በዚያው ዓመት ኦክቶበር 19 ነው።