ነባር ሪል ስቴት ስትመርጡ ዕድሜውን ሳይሆን ካርታውን ጠይቁ

አዲስ አበባ ላይ አያት፣ ሰንሻይን፣ ኖህ ወይም ጊፍት የሚባሉትን ቤት ገንቢ ድርጅቶች ስም ያልሰማ ቤት ፈላጊ የለም። ነባር ስም ጥሩ መነሻ ነው፤ ትልቁ ጥያቄ ግን ድርጅቱ ካስረከባቸው ቤቶች ስንቶቹ ካርታ በገዢው ስም ወጥቶላቸዋል የሚለው ነው። ቁልፍ ተረክቦ ለዓመታት ካርታ የሚጠብቅ ሰው ቤቱን በባንክ ማስያዝ አይችልም፤ ሲሸጠውም ዋጋው ይወርድበታል።

ካርታ የሚዘገየው ብዙ ጊዜ መሬቱ ለባንክ ብድር ስለተያዘ፣ የሊዝ ክፍያ ስለተጓተተ፣ ወይም ሕንፃው ከግንባታ ፈቃዱ ውጪ ፎቅ ስለተጨመረበት ነው። ስለዚህ ቅድመ ክፍያ ሳትከፍሉ የይዞታ ካርታውን፣ የሊዝ ውሉን፣ የግንባታ ፈቃዱንና የቅርብ ቀን የዕዳና እገዳ ማስረጃ እንዲያሳዩ ጠይቁ። የፈቃዱን የፎቅ ብዛት ከሚሸጡላችሁ ፎቅ ጋር አመሳክሩ።

ካሬው ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ለምሳሌ 120 ካሬ ቤት፣ አንዱ ካሬ በ90,000 ብር ሒሳብ፣ 10.8 ሚሊዮን ብር ነው። ከካሬው 20 በመቶው የጋራ ደረጃ፣ ኮሪደርና ሊፍት ከሆነ በር ዘግታችሁ የምትኖሩበት 96 ካሬ ነው፤ የአንዱ ካሬ እውነተኛ ዋጋ 112,500 ብር ይደርሳል። ሁለት ድርጅቶችን የምታወዳድሩት በተጣራው ካሬ ብቻ ነው።

ክፍያው በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በግንባታ ደረጃ ይታሰር፦ መሠረት፣ ስትራክቸር (የሕንፃው አጽም)፣ ብሎኬት፣ ፊኒሺንግ፣ ርክክብ። የመጨረሻው ድርሻ ካርታ ሲወጣ የሚከፈል ቢሆን ምንኛ ጥሩ! ዋጋ በምንዛሬ ወይም በሲሚንቶ ምክንያት ይስተካከላል የሚል አንቀጽ ካለ የጭማሪው ጣሪያ በቁጥር ይጻፍ። «ሰሚ ፊኒሽድ» (በከፊል ያለቀ) የሚለውም ቃል ብቻውን አይበቃም፤ ሴራሚኩ፣ የውስጥ በሩ፣ የኤሌክትሪክ መስመሩ አንድ በአንድ ይዘርዘር።

ነባሮቹ የሚኮሩበት ከሽያጭ በኋላ ያለው አገልግሎት ነው። እሱን የምታዩት ሰው ከገባበት አምስት ዓመት ያለፈው ሕንፃቸው ላይ ነው። ነዋሪውን ጠይቁ፦ ጄኔሬተሩ ቤት ድረስ ያበራል ወይስ ሊፍቱን ብቻ? ሊፍቱ ሲቆም ማን ያሠራል? ወርሃዊ መዋጮው ስንት ነው? በአዋጅ ቁጥር 370/1995 የጋራ መጠቀሚያውን የሚያስተዳድረው የቤት ባለቤቶች ማኅበር ነው፤ ማኅበሩ ካልተቋቋመ ጥገናው ባለቤት ያጣል።

ውጭ አገር ሆናችሁ የምትገዙ፣ ውክልናው ውል መፈረምን፣ ቤት መረከብንና ካርታ ማውጣትን ለየብቻ ይጥቀስ። መሸጥን ግን አትጨምሩበት።