ሃምሳ አንድ ቁጥሮች

ዛሬ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ አንድ ጥያቄ ይዞኝ ዋለ። ከ1 እስከ 100 ካሉት ቁጥሮች የፈለግከውን 51 ብትመርጥ፣ አንዱ ለሌላው ያለ ቀሪ የሚካፈል ጥንድ የግድ ይኖራል። አረጋግጥ።

በምሳሌ ስሞክር ወረቀቱ አለቀ። ከዚያ 12ን 3 ሲባዛ በ4፣ 40ን 5 ሲባዛ በ8 ብዬ ጻፍኩ። ልቤ ደነገጠ። ማንኛውም ቁጥር ወይ ጎዶሎ ነው፣ ወይ ጎዶሎ በ2 እየተደጋገመ የተባዛ። እስከ 100 ያሉት ጎዶሎዎች ደግሞ 50 ብቻ ናቸው! 51 ከመረጥክ ሁለቱ አንድ ጎዶሎ ይጋራሉ፤ ትልቁ ለትንሹ ይካፈላል። እልል ማለት ነው የቀረኝ።

የምዘጋጅበት ፑትናም፣ የአሜሪካና የካናዳ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የሒሳብ ውድድር፣ 6 ሰዓት የሚፈጅ፣ 12 ጥያቄና 120 ነጥብ ያለው ነው። በብዙ ዓመታት የተፈታኞቹ መካከለኛ ውጤት 0 ወይም 1 ነበር። አሁን መልሴን አጥርቼ እየገለበጥኩ ነው፤ እዚያ ነጥብ የሚሰጠው ለማረጋገጫው ነውና።