ዜሮ ያነበበው መሣሪያ

የቧንቧ ብየዳን በጋማ ጨረራ የመመርመር ሥራ ከጀመርኩ ገና ጥቂት ወራት ሆኖኝ ነበር። የዕለቱ የመጨረሻ ፊልም ከተነሣ በኋላ ጋማ ጨረራ የሚያመነጨውን የኢሪዲየም 192 ምንጭ በመዘውሩ እየሳብኩ ወደ መከላከያ ሣጥኑ መለስኩትና፣ ደንቡ እንደሚያዘው፣ ጨረራ የሚለካውን አሮጌ ጋይገር ቆጣሪ ይዤ ለማረጋገጥ ወደ ሣጥኑ ተራመድኩ። መርፌው መጀመሪያ ሽቅብ ወጣ፤ ጥቂት እርምጃ ስጨምር ግን ወደ ዜሮ ወረደ፣ ጠቅ ጠቅ የሚለው ድምፅም ጸጥ አለ። እኔም ምንጩ ገብቷል ብዬ ተረጋጋሁ። ታዲያ መርፌው ቀድሞ ለምን ወጣ ብዬ ራሴን አለመጠየቄ እስካሁን ይገርመኛል።

«ቁም! ተመለስ!» ሲል ኃላፊዬ ከኋላዬ ጮኸ።

ምንጩ አልገባም ነበር። የጋይገር ቱቦ አንድን የጨረራ ምት ከቆጠረ በኋላ ለሚቀጥለው እስኪያገግም ከሰከንድ አሥር ሺኛ ገደማ ይፈልጋል፤ ጨረራው እጅግ ሲበረታ ማገገሚያ ጊዜ ስለሚያጣ፣ መከላከያ ያልተሠራለት አሮጌ መሣሪያ ብዙ በመቁጠር ፈንታ ጨርሶ መቁጠር ያቆማል። ሰውነቴም ቢሆን የነገረኝ ነገር አልነበረም። መላ አካልን ያገኘ 4 ግሬይ (ሰውነት የተቀበለው ጨረራ መለኪያ) ሕክምና ካላገኙ ሰዎች ግማሽ ያህሉን ሊገድል ይችላል፤ ይሁንና በአንድ ኪሎ ግራም የሚያሳርፈው ኃይል 4 ጁል ብቻ ስለሆነ የሰውነትን ሙቀት የሚጨምረው ከአንድ ዲግሪ አንድ ሺኛ ያህል ብቻ ነው። ጉዳቱ የሚደርሰው በሙቀት ሳይሆን በሕዋስ ውስጥ ያለው ዲኤንኤ በመበጠሱ ነው።

ኃላፊዬ ከርቀት ገመዱን አንድ ጊዜ ገፍቶ እንደገና ሲስበው ምንጩ ቦታውን ያዘ፤ ይህንንም በሌላ መሣሪያ አረጋገጠ።

ደረቴ ላይ የነበረው፣ የተቀበልኩትን ጨረራ የሚመዘግበው ባጅ ለንባብ ተላከ። በውስጡ ያለው የሊቲየም ፍሎራይድ ክሪስታል ምት አይቆጥርም፤ የተቀበለውን ኃይል አምቆ ይይዝና ሲሞቅ በብርሃን መልክ ይለቀዋል፤ ስለዚህ እንደ ቱቦው በብዛት አይታፈንም። ውጤቱ 0.8 ሚሊሲቨርት (ጨረራ በሰውነት ላይ የሚያደርሰው ተጽዕኖ መለኪያ) ሆነ። ለሠራተኛ የተፈቀደው በ5 ዓመት አማካይ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት በመሆኑ የደም ምርመራ እንኳ አላስፈለገኝም።

ኃላፊዬ ወረቀቱን አንብቦ ሲጨርስ የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር።

«መዘውሩን ስንት ጊዜ አዞርከው?»

አልቆጠርኩም ነበር።