ስሟን የረሳችው ጓደኛዬ እና ያልረሳት ጌታ

ወገኖቼ ሰላም ለእናንተ ይሁን። ይሄን ምስክርነት ስንት ጊዜ ጀምሬ እንደተውኩት ጌታ ነው የሚያውቀው። ጉባኤ ፊት ቆሜ ልናገር ስል ድምፄ ይዘጋል፣ በጽሑፍ ይሻልሻል ብላ የገፋፋችኝ ራሷ ናት፣ "ሁሉንም ጻፊው፣ ስሜን ብቻ ተዪው" አለችኝ። ስለዚህ ጓደኛዬ እያልኩ ነው የምቀጥለው፣ ታገሱኝ።

ከልጅነታችን ጀምሮ ነው የምንተዋወቀው። አንድ ክፍል ተምረናል፣ አንድ ቀን ተጠምቀናል፣ ኳየር ውስጥ እሷ አልቶ እኔ ሶፕራኖ ሆነን ጎን ለጎን ቆመን ነው ያደግነው። ከተማችን ትንሽ ናት፣ ጠዋት ያስነጠሰ ሰው ማታ ታሟል ተብሎ የሚጠየቅባት አይነት። እንዲህ ያለ ቦታ ሰው ይጠፋል ብሎ ማን ያስባል?

እናቷ ታመው ሞቱ። ለብቻዋ ያስታመመቻቸው እሷ ናት፣ ሌሊት መድኃኒት ስትሰጥ አድራ ጠዋት ሥራ ትገባ ነበር። በቀብሩ ቀን አንድ ጠብታ እንባ አልወጣትም፣ እንደውም የሚያለቅሰውን እያቀፈች ስታጽናና ነበር የዋለችው፣ እኛም "እንዴት ያለ ጸጋ ነው" እየተባባልን ጌታን አመሰገንን። ከዛ በኋላ ትንንሽ ነገሮች ነበሩ። እያወራኋት አይኗ እዛው እያለ እሷ የለችም፣ የነገርኳትን ደግማ ትጠይቀኛለች። አንድ ማታ ጸሎት ላይ ሆነን ድንገት ተነሳችና "የመድኃኒት ሰዓት ደርሷል" ብላ ወጣች። በሩ ጋ ስትደርስ ቆመች። ከዛ ተመልሳ ቁጭ አለች፣ ጸሎቱም ቀጠለ።

የጠፋችውም ከጸሎት መልስ ነው። ተሰነባበትን፣ ሄደች፣ በቃ። በነጋታው ሥራ አልገባችም ሲባል ወንድሟ ቤቷ ሄደ። አልጋው ተነጥፏል፣ ስልኳ ቻርጅ ላይ ነው፣ መታወቂያዋም ገንዘቧም ጠረጴዛ ላይ፣ በሩ ገርበብ ብሏል። ቤቱን ስናገላብጥ የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ የእናቷ ግራጫ ሹራብ። ይሄን ሹራብ አስታውሱልኝ።

ያው እንግዲህ ትንሽ ከተማ ናት፣ ሰው ያላለው ምን አለ! ከሰው ጋር ኮብልላ ነው፣ ዕዳ ነበረባት፣ የለም መንፈስ ነው፣ የለም ወንዝ ገብታ ነው። ሦስት ሰዎች በዛኑ ማታ አየናት ብለው ሦስት የተለያየ ቦታ ጠቆሙን፣ ሦስቱም መሐላ ጨምረው፣ ሦስቱም ደግሞ የማይዋሹ ሰዎች ናቸው። እኔ ራሴ ስትሰናበተኝ ያለችኝን ቃል ማጣራት አቃተኝ። "ነገ እንገናኝ" ነው ያለችኝ ወይስ "ደህና ሁኚ"? አንድ ቀን እንደዚህ ትዝ ይለኛል ሌላ ቀን እንደዛ፣ አሁን አሁን ፊቷ ላይ የሌለ ሐዘን ሁሉ እየጨመርኩበት ነበር መሰለኝ። በኋላ ሐኪሙ ትዝታ እንደ ፎቶ ተቀምጦ የሚወጣ ነገር አይደለም፣ ባስታወስነው ቁጥር እንደገና ነው የሚሠራው ሲለኝ ገባኝ። ያኔ ግን ያበድኩ ነበር የመሰለኝ።

አሁን ወደዛች ሌሊት ልምጣ።

ተኝቼ አልነበረም። ስልኩ ሲጮህ እኩለ ሌሊት አልፏል፣ ወንድሟ ነው፣ መጀመሪያ ምንም አላለም፣ ትንፋሹን ብቻ ነው የምሰማው። ከዛ "ወንዝ ዳር የሴት አስከሬን ተገኝቷል፣ በዕድሜ እሷን ትሆናለች አሉኝ፣ መጥታችሁ እዩ ተብለናል፣ ብቻዬን አልችልም" አለኝ። ምን እንደለበስኩ አላቅም። መኪና ይዞ የመጣልን የቤተክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው፣ አባባ ጌታ ይባርክዎት፣ በዛ ዝናብ ከታመመ ጉልበትዎ ጋር አንድ ጥያቄ ሳይጠይቁ ነው የነዱልን፣ ይሄን ሳልናገር ማለፍ አልችልም።

መንገዱ አያልቅም። ዝናቡ መስታወቱን ይደበድባል፣ ማንም አያወራም። እኔ ኋላ ወንበር ላይ ነኝ፣ ሳልፈልገው መዝሙር 139 ራሱ እየመጣ አፌ ውስጥ ይገባል፣ "ከመንፈስህ ወዴት እሄዳለሁ? ከፊትህስ ወዴት እሸሻለሁ?" ልጅ ሆነን አብረን ነበር በቃላችን ያጠናነው፣ እሷ ከኔ ቀድማ ጨርሳ ስታሾፍብኝ ትዝ ይለኛል። "ወደ ሲኦልም ብወርድ፥ በዚያ አለህ" የሚለው ጋ ስደርስ አንድ ነገር ከውስጤ ፈነዳ። ጮክ ብዬ፣ ሽማግሌው እየሰሙኝ፣ "ካለህ ታዲያ ምን እያደረግህ ነው?!" አልኩ። አባባ ዘወር አላሉም። ቀስ ብለው ብቻ "በይው ልጄ፣ ይሰማል" አሉኝ።

ሆስፒታሉ ስንደርስ የአስከሬን ክፍሉን ቁልፍ የያዘው ሰው የለም፣ ይጠራል ጠብቁ ተባልን። ጠበቅን። ኮሪደሩ ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ፣ አንዱ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፣ የሆነ ቦታ ሕፃን ያለቅሳል። ወንድሟ ጭንቅላቱን በእጁ ይዞ ተቀመጠ። እኔ መቀመጥ አልቻልኩም፣ ግድግዳውን ይዤ ወዲያ ወዲህ እያልኩ ለእግዚአብሔር በሕይወቴ ተናግሬው የማላውቀውን ነገር ተናገርኩት። እናቷን ወሰድክ፣ ዝም አልን፣ እሷንም ከወሰድክ እኔ ከዚህ በኋላ አልዘምርልህም፣ አልጸልይም፣ ጨርሰናል አልኩት። ጨካኝ ነህ አልኩት። እንዳለ ነው የምነግራችሁ፣ አሳምሬ ማውራት አልፈልግም። "እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ" ያለውን ዳዊትን ማንም ከመጽሐፉ አላወጣውም አይደል?

ሰውየው መጣ። በሩ ተከፈተ። ወንድሟ ሊነሳ ሞክሮ ጉልበቱ ከዳው፣ ብቻዬን ገባሁ፣ ተረኛዋ ነርስ ክንዴን ይዛኛለች። ፊቷን ለማየት ስለፈራሁ መጀመሪያ ያየሁት እግሯን ነው። እግሯን አይቼ አወቅኩ። አይደለችም። "ተመስገን!" አልኩ፣ እየሳቅኩ ነበር መሰለኝ፣ ከዛ ቀና ስል ፊቷን አየሁት። ወጣት ናት። አንድ ቦታ እናት ይኖራታል፣ እኔ ደግሞ ሬሳዋ አጠገብ ቆሜ በደስታ እየሳቅኩ ነው። እዛው ተንበርክኬ አለቀስኩ፣ ለማን እንደሆነ አላቅም፣ ለሁለቱም መሰለኝ።

ነርሷ ቶሎ ውጪ አላለችኝም። ውኃ ሰጠችኝ፣ አጠገቤ ቁጭ አለችና "የምትፈልጓት ምን ትመስላለች?" አለችኝ። ከዛ በፊት የጠየቀን ሁሉ ቁመት፣ ዕድሜ፣ መልክ ብሎ ጽፎ የሚሄድ ነበር። ለሷ ግን ሁሉንም ዘረገፍኩት፣ አልቶ መዘመሯን፣ ስትጨነቅ ወረቀት አራት አምስት ቦታ ማጠፏን፣ ሹራቡን፣ ግራጫ ሆኖ ከላይ ሁለተኛው ቁልፍ ብቻ ሰማያዊ መሆኑን፣ ምክንያቱም ቁልፉ ወድቆ ያገኘሁትን ሰፍቼ የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ነርሷ የወንድሟን ስልክ ቁጥር ጻፈች። "በስሟ እጸልይላታለሁ" አለችኝ።

ከዛ ወራት አለፉ፣ ምንም የለም።

አንድ ቀን ስልክ ተደወለ። ያቺ ነርስ ናት። ወደ ሌላ ከተማ ተዛውራ፣ እኛ በሐሳባችን እንኳን ፈልገን ወደማናውቅበት ሩቅ ቦታ፣ እዛ ሆስፒታል እየሠራች ነው። ማረፊያ ቤት ውስጥ በጽዳት የምትሠራ ሴት ሥራ ላይ ወድቃ አሠሪዋ አምጥታታለች፣ መታወቂያ የላትም፣ ከየት መጣሽ ሲሏት አላቅም ትላለች፣ ስም ሲሏት ግን አንድ ስም ትናገራለች። "ሹራቧን ሳጥፍላት ሰማያዊ ቁልፉን አየሁት" አለችን። ስሙን ስትነግረን ወንድሟ ስልኩን ከእጁ ጣለው። የእናታቸው ስም ነው። ጓደኛዬ ያንን ሁሉ ወር በእናቷ ስም፣ በእናቷ ሹራብ ነበር የኖረችው።

ወገኖቼ፣ ያቺ ሌሊት ባትኖር፣ አስከሬን እዩ ተብለን በዛ ዝናብ ባንሄድ፣ ነርሷን የት እናገኛት ነበር? እኔ እግዚአብሔርን በሰደብኩበት ኮሪደር ላይ እሱ መልሱን እያስጻፈ ነበር። ይሄን ሳስብ ዛሬም እጄ ይንቀጠቀጣል።

ግን ነገሩ እዚህ አላለቀም። ሮጬ ክፍሏ ስገባ አልጋ ላይ ተቀምጣለች፣ ከስታለች፣ ራሷ ናት። ቀና ብላ አየችኝና በጣም በትሕትና "ይቅርታ፣ እርስዎን አላወቅኩዎትም፣ እንተዋወቃለን?" አለችኝ። እርስዎ! እኔን! ወጥቼ ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ፣ እንደገና ተቆጣሁ፣ ገላዋን መልሰህ እሷን አስቀረህ እንዴ አልኩት።

የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ቁጭ አድርጎ ያስረዳን መጀመሪያ የጭንቅላት ጉዳት፣ የሚጥል በሽታና ዕፅ አለመሆኑን በምርመራ ካረጋገጠ በኋላ ነው። ዲሶሲየቲቭ አምኔዢያ ይባላል፣ ሰው እንደዚህ ከቤቱ ወጥቶ ማንነቱን ረስቶ ሲሄድ ደግሞ ፊዩግ ይሉታል፣ በፈረንጆቹ ከ2013 ጀምሮ የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ ሁለቱን አንድ ላይ አድርጓቸዋል አለን። ማስመሰል አይደለም፣ አእምሮ ሊሸከመው ያልቻለውን ነገር ከባለቤቱ ሲደብቅ ነው፣ ማንበብ መሥራት ሁሉ አይጠፋም፣ "እኔ ማን ነኝ" የሚለው ብቻ ይሄዳል። አንድ ሰው በጆሮዬ "እኔስ መንፈስ ነው ብዬ አልነበር" ስላለኝ ሐኪሙን እሱንም ጠየቅኩት። ሳቅ ብሎ የአንሰል ቦርንን ታሪክ ነገረኝ። በፈረንጆቹ 1887 አሜሪካ ሮድ አይላንድ የሚኖር ሰባኪ ነው፣ አዎ ሰባኪ! ጃንዋሪ ላይ ከቤቱ ወጥቶ ጠፋ፣ ፔንስልቬንያ ውስጥ ኖሪስታውን ሄዶ ብራውን በሚል ስም ትንሽ ሱቅ ከፍቶ ሲሠራ ቆየ፣ ሁለት ወር ገደማ ሲሆነው አንድ ጠዋት ነቅቶ "የት ነው ያለሁት?" አለ፣ ሱቁንም ብራውንንም አያውቃቸውም። በ1890 ዊልያም ጄምስ የሚባለው ምሁር መርምሮታል። እንዴት እንዳጽናናኝ አልነግራችሁም! ፓስተራችንም ተመስገን አስተዋይ ሰው ነው፣ "እየጸለይን እናሳክማታለን፣ ኤልያስ ሞቴን ስጠኝ ሲል መልአኩ መጀመሪያ ያበላውና ያጠጣው አይደል እንዴ" ብሎ አፋችንን ዘጋ።

አታስገድዷት፣ አብራችኋት ሁኑ ተባልን። እኔ ግን አንድ ቀን አልቻልኩምና ልጅ ሆነን የምንዘምረውን ዘመርኩላት፣ እሷ ድምፅ ጋ ስደርስ ቆም አልኩላት፣ ትገባለች ብዬ። አልገባችም። "ደስ ይላል፣ ድምፅዎ ጥሩ ነው" አለችኝ። መሳቅ ነው ማልቀስ?

የተመለሰችው እኔ ባላሰብኩት መንገድ ነው። አንድ ማታ ተረኛው በር ላይ ብቅ ብሎ ለሌላ ታማሚ "የመድኃኒት ሰዓት ደርሷል" አለ። ጓደኛዬ ብድግ አለች። ሁለት ሦስት እርምጃ ተራመደች፣ በሩ ጋ ቆመች፣ ልክ እንደዛ ማታ። ከዛ ዞር ብላ "እማዬ ሞታለች አይደል?" አለች። "አዎ" አልኳት። "አንቺ ነበርሽ" አለችኝ፣ "አጠገቤ አንቺ ነበርሽ።" ከዛ አለቀሰች፣ በቀብሩ ቀን ያላለቀሰችው እንባ መጣ፣ እስኪነጋ አለቀሰች፣ እኔም ይዣት። "እኔ ግን አልረሳሽም" የሚለው የኢሳይያስ ቃል ያን ሌሊት ሥጋ ለብሶ አየሁት ብል አልዋሸሁም። ሐኪሙ ትዝታ ሲመለስ ሐዘኑም አብሮ ስለሚመጣ ራስን የመጉዳት አደጋ አለ ብሎ ስላስጠነቀቀን ለብዙ ጊዜ ለብቻዋ አልተዋትም፣ እህቶች በተራ ያደሩላት፣ ብድራችሁን ጌታ ይክፈል።

አሁን ቤቷ ናት፣ ቴራፒዋን ቀጥላለች፣ ሥራም ጀምራለች። የጠፋችባቸው ወራት አብዛኛው አልተመለሰላትም፣ እዛ ከተማ እንዴት እንደደረሰች፣ ማን መኪና እንዳሳፈራት ዛሬም አታውቅም፣ እኛም አንጠይቃትም። አንዳንድ ሰው መንገድ ላይ ሲያያት አሁንም ይንሾካሾካል፣ እሷ ግን ሰላም ብላ ታልፈዋለች።

አንድ የጸሎት ርዕስ አለኝ። ወንዝ ዳር የተገኘችው ልጅ ቤተሰቧ ይገኝ አይገኝ ነርሷም ከተዛወረች በኋላ አልሰማችም። እናቷ ምናልባት አሁንም በር በሩን እያየች ይሆናል። ጓደኛዬና እኔ በየሳምንቱ ለሷ እንጸልያለን፣ እናንተም አብራችሁን ጸልዩ።