ኩሬው ሥር ድንጋይ አላስነጥፍም

ቢሾፍቱ፣ ጓሮዬ ውስጥ የዓሣ ኩሬ እያሠራሁ ነው። ጉድጓዱ ተቆፍሯል፤ ውሃ እንዳይሰርግ የሚያደርገው ላስቲክ፣ ጂኦመምብሬኑም ተነጥፏል። አሁን የቀረው ከግንበኛው ጋር መጨቃጨቅ ነው። "እትዬ፣ ሥሩን በድንጋይ ካልሸፈንነው እኮ ላስቲክ የለበሰ ጉድጓድ ነው የሚመስለው" ይለኛል። እውነቱን ነው፣ ይመስላል። እሱ ሐይቅ ዳር ያሉ ሎጆች ሲሠራ የኖረ ሰው ስለሆነ ዓይኑ የለመደው ሌላ ነው። የእኔ ኩሬ ግን ለፎቶ ሳይሆን ቆሮሶ የሚባለውን ዓሣ (ቲላፒያን) ለማርባት ነው።

ሥሩ ድንጋይ የሆነ ኩሬ እህቴ ግቢ አለ። መጀመሪያ ሰሞን ውሃው ጥርት ብሎ ጠጠሩ ይቆጠር ነበር። ከዚያ ቅጠሉ፣ የተረፈው መኖ፣ የዓሣው ኩስ ድንጋዮቹ መሃል እየገባ ተኛ። እዚያ ውሃ አይንቀሳቀስም፤ ኦክስጅንም አይደርስም። አንዱን ድንጋይ ብድግ ስታደርጉት ጥቁር ዝቃጭ ቡልቅ ይላል፤ ሽታው የገማ እንቁላል ነው። ለማጽዳት ድንጋዩን በሙሉ ማውጣት ሊኖርባት ነው። ማን ያወጣዋል? እስካሁን ማንም አላወጣውም።

ባዶ ሥር ላይ ግን ቆሻሻው ተንሸራቶ ወደ ጥልቁ ጥግ ይሄዳል፤ ከዚያ በጎማ መሳብ ነው። መረብም እንደ ልብ ይጎተታል። ይኼ ለእኔ ዋናው ነው። ቆሮሶን የሚያስቸግረው መብዛቱ ነውና። ሴቷ እንቁላሏን በአፏ ይዛ ስለምትፈለፍል ከጫጩቱ ብዙው ይተርፍላታል። ጠባብ ኩሬ ውስጥ ሲተፋፈጉ ደግሞ ሳያድጉ ይቀራሉ። ስለዚህ ትንንሾቹን በየጊዜው ማውጣት ግድ ነው። ድንጋይ ካለ ሥሩ ይሸጎጣሉ፣ ወይ መረቡን ይይዘዋል።

ለድንጋይም ግን ልመስክርለት። ላዩ ላይ የሚለጠፉት ባክቴሪያዎች ከዓሣው የሚወጣውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ወደ ናይትሬት ይቀይሩታል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ዓሣ ይገድላሉ፤ ሦስተኛው ብዙም አይጎዳም። ችግሩ ባክቴሪያዎቹም ኦክስጅን ይፈልጋሉ፤ ውሃ የማያልፍበት ድንጋይ ላይ አይሠሩም። ስለዚህ ድንጋዩን በርሜል ውስጥ አድርጌ፣ ውሃውን በፓምፕ በዚያ ላሳልፈው ነው። ለዚህ ደግሞ እዚሁ አካባቢያችን የሚቆፈረው ቀዩ፣ ቀዳዳ ቀዳዳው ሬድ አሽ ግሩም ነው። በደንብ ታጥቦ ነው ታዲያ። መብራት ሲጠፋ ምን ይዋጣችኋል ካላችሁኝ፣ ለዚያም ነው ዓሣውን ጥቂት የማደርገው።

ጠርዙ ላይ ግን ድንጋይ ይኖራል፤ እዚህ ላይ አልደራደርም። ከውሃ በላይ የሚቀረውን ላስቲክ ፀሐይ ይበላዋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ ላስቲክ አረንጓዴ ሲይዝ ያዳልጣል። ልጅ ቢገባበት የሚጨብጠው ነገር የለም። አጥር እንዳለ ሆኖ፣ በአንድ በኩል ሰፋ ሰፋ ያሉ ድንጋዮች እንደ ደረጃ እስከ ታች ይወርዳሉ። አዲስ የተፈለጠ ጥቁር ድንጋይ ጠርዙ ስለት ስለሆነ ከሥሩ የማዳበሪያ ከረጢት ደርበን እናነጥፋለን። ግንበኛዬም እዚያ ላይ እንደፈለገ ይጠበብበት ብዬዋለሁ።

ትናንት ደግሞ "እትዬ፣ ጥጉ ላይ ፏፏቴ ብንሠራስ?" ብሎኛል።