ከሐሳብ እስከ እጅ

ፊታችን ያለ ብርጭቆ ለማንሳት ስናስብ አንጎላችን በቅድሚያ የሚፈታው የቦታን ጥያቄ ነው። ዓይን የሚያመጣው መረጃ ብርጭቆው ከዓይን አንጻር የት እንዳለ የሚገልጽ ሲሆን፣ ጡንቻዎች የሚፈልጉት ግን ትከሻና ክርን ምን ያህል መዞርና መዘርጋት እንዳለባቸው የሚነግር ትእዛዝ ነው፤ ዓይናችን ወይም ጭንቅላታችን በተንቀሳቀሰ ቁጥር ደግሞ በሁለቱ መካከል ያለው ዝምድና ይለወጣል። ይህን በማዛመድ ረገድ ትልቅ ድርሻ ያለው ከራስ ቅል አናት ወደ ኋላ የሚገኘው፣ ፓራይታል ኮርቴክስ የተባለው የአንጎል ክፍል ነው። በዚህ ክፍል ላይ ጉዳት የደረሰባቸው አንዳንድ ሰዎች ዕቃውን አጥርተው እያዩት፣ ክንዳቸውም ሳይደክም፣ እጃቸውን ሲሰዱ ይስቱታል።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያስደንቀኝ ሐሳቡ ከድርጊቱ ተነጥሎ መቆየት መቻሉ ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ተመራማሪዎቹ ስናይደር፣ ባቲስታና አንደርሰን ባሳተሙት ጥናት፣ ጦጣዎች ወደ አንድ ኢላማ ዓይናቸውን ወይም እጃቸውን ለመላክ ተዘጋጅተው፣ ምልክት እስኪሰጣቸው ድረስ ሳይንቀሳቀሱ እንዲጠብቁ ተደርጎ ነበር። ኢላማው ያው ሆኖ ሳለ፣ ገና በጥበቃው ጊዜ በፓራይታል ኮርቴክሳቸው ካሉት የነርቭ ሕዋሳት አንዳንዶቹ እጅ ሊዘረጋ ሲታሰብ፣ ሌሎቹ ደግሞ ዓይን ሊዞር ሲታሰብ በርትተው ይሠሩ ነበር። ሕዋሳቱ ያዩትን ብቻ ሳይሆን ሊደረግ የታሰበውንም ይመዘግባሉ ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ሌላ ጥናት ይህንኑ ከሰው አንደበት አሰምቶናል። በአንጎል ቀዶ ሕክምና ላይ ሳሉ የነቁ ሕሙማን ፓራይታል ኮርቴክሳቸው በኤሌክትሪክ ሲነካ እጃቸውን ወይም ሌላ አካላቸውን የማንቀሳቀስ ብርቱ ፍላጎት ተሰማቸው፤ የኤሌክትሪኩ መጠን ሲጨመርም ጡንቻቸው ምንም ሳይነቃነቅ የተንቀሳቀሱ መሰላቸው። እንቅስቃሴን የሚያዘጋጀው የአንጎል ክፍል፣ ፕሪሞተር ኮርቴክስ፣ ሲነካ ግን አካላቸው በርግጥ ተንቀሳቀሰ፣ እነርሱ ግን አላወቁትም።

ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ በአንጻሩ የታወቀ ነው። ፕሪሞተር ኮርቴክስና ጡንቻዎችን የሚያዘው ሞተር ኮርቴክስ አቅጣጫውንና ፍጥነቱን ይቀምራሉ፣ ትእዛዙም በአከርካሪ በኩል ይወርዳል፤ ከዓይን የሚመለሰው መረጃ ስለሚዘገይም ከአንጎል በስተኋላ ከታች ያለው ሴሬቤለም (ትንሹ አንጎል) እጁ የት እንደሚደርስ አስቀድሞ በመገመት እርማቱን ያፋጥናል።

ይህ እውቀት ለሕክምና ያለው ትርጉም ከልብ ያስደስተኛል። እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ በሆነ ሙከራ፣ እጅና እግሩ ሽባ የሆነ ሰው በፓራይታል ኮርቴክሱ በተተከሉ፣ የነርቭ ሕዋሳትን የኤሌክትሪክ ምልክት በሚያነቡ ኤሌክትሮዶች አማካይነት የሮቦት ክንድ ማንቀሳቀስ ችሏል፤ ከሕዋሳቱም ሊደርስበት ያሰበውን ቦታና እጁ እንዲሄድበት ያሰበውን መንገድ ማንበብ ተችሏል።